ሽፋን የሌላቸውን ካሴቶች አትጣሉ

የወላጆቻችሁን ቤት ልታስረክቡ ነው? ወይስ እቃ ቤቱን «አንድ ቀን አጸዳዋለሁ» እያላችሁ ከዓመት ዓመት ታስተላልፋላችሁ? እንግዲያው ይህን አንብቡ። ስለ ካሴት፣ ስለ ድሮ ፎቶና ስለ ወጣትነት ልብስ ነው። ተራ ጉዳይ ይመስላል። ቆራሌው በራችን ላይ እስኪቆም ድረስ ለእኛም ተራ ጉዳይ ነበር።

ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ የእኛም ቤት ተራው ደረሰ። እናቴ ሰማንያን አልፋለች። እዚያ ግቢ ውስጥ ወልዳ፣ ድራ፣ ቀብራለች። እቃ ለማሸግ የነበረን ጊዜ አጭር ነበር። አልጋ፣ ቡፌ፣ ምጣድ፣ የውሃ በርሜል... በዚያ ሩጫ መሃል ማን ስለ ካሴት ያስባል?

ቤታችን ውስጥ የሁለት ዘመን ሙዚቃ ነበር። ታላቅ ወንድሜ የሸክላ ዘመን ሰው ነው። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የራሱን የሙዚቃ ማሳተሚያ ከፍቶ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ ወንድሜ ገና ልጅ ነበር። ጎረምሳ ሲሆን ግን አለማየሁን ሆኖ ቁጭ አለ። ፀጉሩ አፍሮ፣ ሱሪው ቤልቦተም፣ ከኋላ ኪሱ ብቅ ያለች ሚዶ። የሱሪው እግር የሰፈሩን አቧራ ይጠርግ ነበር። እናቴ አጥባ ስታሰጣው «ከዚህ ጨርቅ እኮ ለእኔም አንድ ጉርድ ይወጣል» ትላለች።

በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የሸክላ ኅትመት ሲቆም ካሴት ነገሠ። እኔ የካሴት ልጅ ነኝ። ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ ደበበ፣ አስቴር አወቀ፣ ኩኩ ሰብስቤ። አዲስ ካሴት ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዓል ሲደርስ ነው። ሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው ቀኑን ሙሉ ያንኑ ይለቁታል። ገንዘብ የሌለው በር ላይ ቆሞ ይሰማል፤ ማታ ግጥሙን ሸምድዶ ቤቱ ይገባል። ትንሽ ያለው ደግሞ ባዶ ካሴት ገዝቶ ያስቀዳል። የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ ሲያልቅ ሄዶ ይወስዳል። ከዝርዝሩ ብቻ ካሴቱ ለማን እንደሚሰጥ ይታወቅ ነበር። ባለሙዚቃ ቤቱም እያወቀ ዝም ይላል።

ልብሱስ? ጄሪ ከርል ያልተሠራች ቢያንስ ፀጉሯን በካውያ ተተኩሳ በቢጉዲ ትጠቀልላለች። ጂንስ መርካቶ ተፈልጎ ይመጣል። ያልተገኘውን ልብስ ሰፊው ከመጽሔት ላይ አይቶ ይሰፋዋል። ቀሚሱም ጃኬቱም ትከሻው ላይ ስፖንጅ አለው፤ ስፖንጁ በወፈረ ቁጥር ዝነጣው ይጨምራል። አሁን ፎቶውን ሳየው ሁላችንም ቦክሰኛ እንመስላለን። ያኔ ግን ያንን ያልለበሰች ፋራ ነበረች።

ሰዓት እላፊ ስለነበር ልደት ላይ ያመሸ ሰው እዚያው ያድራል። ስለዚህ እስኪነጋ ይጨፈራል። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ይቀናሉ። እኔም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ አቆምላቸው ነበር። ወንዶቹ ጓደኞቻችን ቀን ቀን ዋናው መንገድ ላይ ለመታየት ይፈሩ እንደነበር አልነግራቸውም። ብሔራዊ ውትድርና ነበር። አፈሳ ነበር። አብሮን ሲጨፍር ያደረው ልጅ በሳምንቱ ማሠልጠኛ ገባ የሚባልበት ጊዜ ነው። ትዝታን ስታወሩ ይህን ግማሽ አትዝለሉት። ስትዘሉት የሚመጣውን ከታች ታነባላችሁ።

ወደ እሽጉ ልመለስ። የእህቴ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ሥርዓት ይወዳል። ካሴቶቹን ለሁለት ከፈላቸው። ሽፋን ያላቸውን፣ የዘፋኙ ፎቶ ያለባቸውን «ኦሪጅናል» ብሎ በካርቶን አሸገ። ሽፋን የሌላቸውን፣ በእስክሪብቶ የተጫጫረባቸውን፣ ወይም ጭራሽ ምንም ያልተጻፈባቸውን ማዳበሪያ ውስጥ ከተተ። ጠዋት ቆራሌው እየጮኸ ሲያልፍ ማዳበሪያውን ከተሰበረ ወንበርና ከተበሳ ድስት ጋር ሰጠው። ልጁ ላይ አልፈርድም። ማንም ሰው እንዲህ ነው የሚለየው። ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ኦሪጅናል ያልነው አብዛኛው ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ከእኛ ካሴት በጠራ ድምፅ ይገኛል። የአለማየሁን፣ የማህሙድን፣ የሙላቱን ሥራ ፈረንሳይ ውስጥ ሳይቀር በሲዲ አሳትመውታል። ዓለም የያዘውን እኛ በካርቶን አሸግን። ከእኛ በቀር ማንም የሌለውን ደግሞ በማዳበሪያ ሰጠን። ወንድሜ ከሬዲዮ የቀዳው፣ የልደት ጭፈራው፣ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ልምምድ፣ ሁሉም ሽፋን በሌላቸው ካሴቶች ላይ ነበር።

እርግጥ ኦሪጅናሉንም አትናቁ። ኃይሉ መርጊያን አስታውሱ፣ የዋልያስ ባንዱን። ባንዱ በሂልተን ዘመኑ ለሰፈራችን ጎረቤት ነበር። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፣ በኋላም ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን አንድ ካሴት ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ውስጥ አግኝቶ ገዛው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ያቺን ካሴት አንድ ሰው ለቆራሌው ሰጥቷት ቢሆን ኖሮስ?

ማዳበሪያው ለቆራሌው መሰጠቱን እንደሰማሁ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። አንድ ነጋዴ «ካሴት ከሆነ ማን ያነሳዋል እህቴ፤ ብረት ነው የሚፈለገው» አለኝ። አላገኘሁትም። እንዲህ ካጋጠማችሁ በዚያው ቀን ሂዱ፣ ካሴት እዚያ ብዙ አይቆይም። ባዶ እጄን ግን አልተመለስኩም። ከሽቦና ከባትሪ ክምር ስር ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አየሁ። ነጋዴው «ይሠራል» አለ፤ ሶኬት ግን አልነበረውም። በእምነት ገዛሁት።

ወደ ተዛወርንበት ገላን ጉራ ገብተን እቃ ስንፈታ ነው ተስፋው የመጣው። እናቴ አልጋዋ ስር የምታኖረውን ሻንጣ ማንም እንዲነካ ስላልፈቀደች እንዳለ መጥቷል። የእድር ደረሰኝ፣ የክርስትና ወረቀት፣ አንድ የቆዳ ጃኬት፣ ያ ቤልቦተም፣ የተወሰኑ ፎቶዎች። ከስር ደግሞ ከደርዘን የሚበልጡ ካሴቶች። ሽፋን የሚባል የላቸውም።

ሮጬ ወደ ቴፑ ላስገባ ስል አንድ አዛውንት ሬዲዮ ሠሪ አስቆሙኝ። ቴፑን ላሳያቸው ወስጄው ነበር። «ልጄ፣ ሳታጸጂው ካሴት እንዳታስገቢ። ይበላብሻል» አሉኝ። ቀጥሎ የምነግራችሁ አብዛኛው ከእሳቸው የተማርኩት ነው።

መጀመሪያ የቴፑን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ብረት) እና ካሴቱን የምትጎትተዋን ጎማ በጥጥና በአልኮል አጽዱ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግሙት፤ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። ድምፁ የሚንቀረፈፍ ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ ቺንጊያው ላልቷል ማለት ነው፤ መቀየር አለበት። ሙከራውን ሁልጊዜ በማትሳሱለት ካሴት ጀምሩ። የእናታችሁ ድምፅ ያለበት ካሴት መሞከሪያ አይደለም።

ካሴቱን ራሱን ከማጫወታችሁ በፊት በመስኮቱ በኩል እዩት። ክሩ ላይ ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው። አታጫውቱት። ቴፑን ያቆሽሽና ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይሻገራል። ለብቻው በፌስታል አስቀምጡና ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ንጹህ ከሆነ አንዴ እስከ መጨረሻው፣ አንዴ ወደ ኋላ አጠንጥኑት። ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ክር ይጣበቃል። ድሮ በቢክ እስክሪብቶ የምናጠነጥነው ዛሬም ይሠራል፣ እንዲያውም ከቴፑ ይልቅ ለስላሳ ነው።

ድምፁ ታፍኖ ከወጣ ካሴቱ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ ተመልከቱ። ሙጫዋ ደርቆ ትወድቃለች። በዚያን ጊዜ ካሴቱን በትንሽ ካቻቢቴ ፈትቶ ክሩን ወደ ሌላ ካሴት ቤት ማዛወር ይቻላል። ክር ከተበጠሰም ጉዳዩ አላለቀም፣ ይቀጠላል። ግን በተራ ፕላስተር አይቀጠል፣ ሙጫው እየፈሰሰ ሌላውን ክር ያጣብቃል። ባለ 90 ደቂቃዎቹን ደግሞ በተለየ ጥንቃቄ ያዙ፤ ክራቸው ቀጭን ነው፣ ቴፕ የሚበላው እነሱን ነው።

ከቴፑ ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ገመድ ያስፈልጋል። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ያለው የማይክ ቀዳዳ የሚቀበለው አንዱን ጎን ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ መቀበያ ብታገኙ ይሻላል። ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ይበቃል። መጀመሪያ በዋቭ፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው የፋይል ዓይነት ቅዱት፣ ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ3 ኋላ ከእሱ አውጡ። የ60 ደቂቃ ካሴት በዋቭ 600 ሜጋባይት አካባቢ ይይዛል። አቋራጭ የለውም፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል። መብራት እንደሚሄድም አስቡ። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ቴፑ ይቆማል፣ እናንተም ዝምታ ስትቀዱ ታመሻላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የካሴቱን «ሽሽ» የሚል ድምፅ፣ ሽሽታውን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ፕሮግራሙ ሽሽታውን ሲጠርግ ከዘፈኑ ጀርባ ያለውንም ይጠርጋል። ከጀርባ ያለው ደግሞ ነው ዋናው። በአንደኛው ካሴት ወንድሜ ቴፑን ሬዲዮው ፊት አስቀምጦ ሙዚቃ እየቀዳ ነው። መሃል ላይ እናቴ ከማድ ቤት «አንቺ ልጅ፣ ወጡ አረረ እኮ!» ትላለች። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ስሮጥ ኮቴዬ ይሰማል። ዘፈኑን የትም አገኘዋለሁ። ኮቴዬንስ?

ከዚያ በኋላ የመጣውን ችግር ብዙ ሰው አያወራውም። ሌሊት ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ መስማት ጀመርኩ። ጠዋት ሥራ እየሄድኩ ሐሳቤ ካዛንቺስ ነው። እናቴም ባሰባት። ደስ ይላት ብለን ቀኑን ሙሉ ስንከፍትላት ዝም ብላ ትሰማና ማታ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ትላለች። ነጠላዋን አጣጥፋ ሻንጣው ላይ ታስቀምጣለች። ቤቱ የለም እኮ። ምን ይባላል?

የቀየርነው ነገር ቀላል ነው። ብቻዋን እንድትሰማ አላደረግንም። ቡና ሲፈላ፣ ሰው ሲኖር፣ የካሴቱን አንድ ፊት ብቻ። ከዚያ እንዘጋውና እንጠይቃታለን። ይሄ ማነው? የማን ልደት ነው? ይህን ቀሚስ ማን ሰፋው? ስትጠየቅ ባለታሪክ ትሆናለች፤ ታርማለች፣ ትስቃለች፣ የሞቱትን ነፍስ ይማር ትላለች። «መቼ ነው የምንመለሰው» የሚለው ጥያቄ እየራቀ ሄደ። ሽማግሌ ወላጅ ይዛችሁ የተዛወራችሁ ካላችሁ ይህን ሞክሩት። ስትናገርም በስልካችሁ ቅዱ። ከካሴቱ እኩል ዋጋ አለው።

ለእኔም መድኃኒት የሆነኝ ያው ሰው ነው። የሰፈሩ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ከኪነት ቡድኑ ልምምድ ትንሽ ቆርጬ ላኩ። አኮርዲዮኑን ማን እንደያዘ ጭቅጭቅ ተነሳ፤ አንዱ ከዱባይ፣ አንዷ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ ከአራብሳ። ለዓመታት ከ«እገሌ አረፈ» መልእክት በቀር ምንም የማይጻፍበት ግሩፕ ነበር።

ቀጥሎ ልልከው ያዘጋጀሁት አንድ ልጅ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ሲያንጎራጉር የተቀዳበትን ነበር። ልጁ ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። እህቱ ግሩፑ ውስጥ አለች። ከመላኬ በፊት ለአንዲት የቀድሞ ጎረቤታችን ደውዬ አሰማኋቸው። ድምፁን ወዲያው አወቁት። «ልትልኪው ነው? መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ተሰብስቦ፣ ተጠንቅቆ፣ ቤት ተሂዶ ነው። ሟች በድምፅ ሲመለስም ያው ነው። ሦስት ሆነን እህቱ ቤት ሄድን። ቡና ጠጣን። ምን እንዳገኘን በቃል ነገርናት፤ መስማትና አለመስማት የሷ እንደሆነም ነገርናት። ረዘም ላለ ጊዜ አሰበችና «ክፈቱት» አለች። ሲዘፍን መጀመሪያ ያደረገችው መሳቅ ነው። «ግጥሙን ያኔም አያውቀውም ነበር!» አለች። ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ድገሙልኝ አለች። ግሩፑ ላይ እንዲወጣ አልፈለገችም። አልወጣም።

እናንተም በካሴትም ሆነ በፎቶ የሞተ ሰው ካገኛችሁ መጀመሪያ ወደ ቤተሰቡ ሂዱ። በአካል። በሕይወት ያለውንም ቢሆን ጠይቁት፤ የያኔው አለባበሱ አሁን የሚያሳፍረው አለ፣ አሁን ቄስ የሆነ አለ። ሙሉ የዘፋኝ አልበም ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አትጫኑ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ አለ፤ ከአዋጁም በላይ ዘፋኞቹ ከዚያ ካሴት ያገኙት ስንት እንደነበር አስቡ።

ፎቶዎቹ ላይ አጭር ልበል። በሚያጣብቀው አልበም ላይ ያሉትን በጥፍር አትላጡ፣ ፊቱ ይቀራል። እዚያው እንዳለ በመስኮት ብርሃን፣ ፍላሽ ሳትጠቀሙ አንሱት። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። ድምፁንም እንደዚሁ። ከጀርባ ስም ስትጽፉ በእርሳስ።

ልብሱን ፌስታል ውስጥ አትክተቱ። ጃኬቴ ከሻንጣው ሲወጣ ክንዱ ሻግቶ ነበር። ጥላ ውስጥ ንፋስ አስመትቼ በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ቆዳው ይሰነጠቃል። አሁን በታጠበ አሮጌ አቡጀዲ ሸፍኜ ሰቅዬዋለሁ። ናፍታሊን የምታደርጉ ልብሱን እንዳይነካ በጨርቅ ቋጥሩት። ልጄ ጃኬቱን ለአንድ ፕሮግራም ለብሳው ሄደች፤ ስፖንጆቹን ግን ሳትነግረኝ አውጥታ ነበር። ለሷ ልኩ ነው፣ ለእኔ ግን ጃኬቱ ያለ ስፖንጅ ጃኬት አይደለም። መልሼ ሰፋሁት። ወንድሜም ቤልቦተሙን በሰው ላኪልኝ ብሎኛል። ወገቡ እንደማይገባው ሁለታችንም እናውቃለን።

የተቀዳውን ሁሉ ቢያንስ በሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። የእኛ አንዱ ቅጂ ወንድሜ ጋ ነው። የፋይሉን ስም «ካሴት 1» ብላችሁ አትለፉት፤ ዓመቱን፣ ቦታውን፣ ድምፃቸው ያለበትን ሰዎች ጻፉበት። ዋናውን ካሴት ደግሞ ከተቀዳም በኋላ አትጣሉ።

እኔ ገና ያልቀዳኋቸው ጥቂት ካሴቶች ቀርተውኛል። ቴፑ እንደገና መንቀርፈፍ ጀምሯል፣ ቺንጊያው ነው። አዛውንቱ ሬዲዮ ሠሪ ልኩን አጥተውታል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝበትን የምታውቁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።